የሦስት መንገዱ ጥሪ

እንቅልፍ ከሸሸኝ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ መንደሩ ሁሉ በቀትሩ ሙቀት በሩን ዘግቶ ሲያንኮራፋ እኔ ምድጃው አጠገብ ጋደም ብዬ የጣሪያውን ሸንበቆ እቆጥራለሁ፣ ሸንበቆው ደግሞ ሃያ እንኳ አይሞላም፣ ቆጥሬ ስጨርስ እንደገና እጀምራለሁ፣ ሰምተሽኛል ወይስ አልሰማሽኝም፣ ጥያቄው ይኸው ነው፣ ከአገሬ ከካሪያ፣ ከላጊና ድረስ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ይህ ብቻ ነው። ያመጣውም ሌዎን የሚባል ያገሬ መርከበኛ ነው። የዛሬ ሦስት ቀን በሬ ላይ ቆሞ፣ ጨው የነጣበትን ጢሙን እያሸ፣ "አፊያ፣ እናትሽ ታማለች። ዓይኗም አያይም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ ብላኛለች፤ ያን ቀን ሦስት መንገዱ ላይ ስጠራት ሰምታኛለች ወይስ አልሰማችኝም?" አለኝ። እኔም አፌ እንደለመደው "አልሰማሁም በላት፣ ነፋስ ነበር" አልኩት፤ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ወደዚያ ለሚሄድ መርከበኛ ሁሉ የሰጠሁት መልስ ነው፣ ሳልሰናከል ነው የምለው። ሌዎን ግን አልሄደም። ራሱን ነቀነቀና "ይህንንማ ታውቀዋለች" አለ። "እኔ ራሴ ሁለቴ አድርሼላታለሁ። ምን እንደምታደርግ ታውቂያለሽ? ጉሮሮዋን እንዲህ በጣቶቿ ጨምድዳ ትይዝና 'ይህ ነው የከዳኝ፤ ትንሽ ጎላ አድርጌ ብጠራት ኖሮ ልጄ ትመለስ ነበር' ትላለች። ለሚጠይቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች። ለማንኛውም አስቢበት። በወሩ መጨረሻ ጀምበር ስትጠልቅ መጥቼ መልስሽን እወስዳለሁ፣ በማግስቱ እንነሳለን።" ይህን ብሎኝ የጫነውን ሽንኩርት ሊያራግፍ ወደ ወደቡ ወረደ፣ እኔም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዓይኔ አልተከደነም።

ጉሮሮዋን። አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም። ውሸቴ ትራስ መስሎኝ ነበር፣ እናቴ አንገቷን የምታሳርፍበት፤ ልጄ ጨክና ሳይሆን ሳትሰማ ነው የሄደችው ብላ ትጽናና ብዬ ነበር፣ እንዲያውም ራሴን እንደ ደግ ልጅ እቆጥር ነበር፣ መርከበኛውን ሸኝቼ ስመለስ ቀለል ይለኝ ነበር። ለካስ ሸክሙን ከእኔ ትከሻ አንስቼ እርሷ ጉሮሮ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ድምፄ አነሰ እያለች ኖራለች፣ እንደዚያ ዓይነት ድምፅ እያላት፣ ከምትጠርገው መቅደስ ግቢ ሆና ስትጣራ ከታች ወንዝ ዳር ያሉት አጣቢዎች ቀና ይሉ ነበር እኮ። ተነስቼ ውሃ እጠጣለሁ። ተመልሼ እጋደማለሁ።

ዛሬ ያ ቀን ነው፣ የወሩ መጨረሻ፣ ጨረቃ የሌለችበት። በዚህ በአቴና ወደብ በፒሬዎስ ሴቶቹ ከጠዋት ጀምረው ቤታቸውን ጠርገዋል፣ ጥራጊውን አውጥተዋል፣ ሲመሽ ደግሞ የአምላኳን የሄካቴን እራት ሦስት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ላይ አኑረው ወደኋላ ሳያዩ ይመለሳሉ፤ እንቁላል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ዓሣ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የእኔን የማርና የአይብ ዳቦ፣ ዙሪያውን ትንንሽ ጧፍ የተሰካበትን። በወር አንድ ቀን የወደቡ ሴት ሁሉ በሬ ላይ ናት። ዳቦዬ ከሌላው ሰው ዳቦ ስለሚጣፍጥ አይደለም፣ ከአምላኳ አገር ስለመጣሁ ነው። የካሪያ ሴት ናት ይባባላሉ፣ ሄካቴን በስሟ ታውቃታለች። ባሏ የሸፈተባት አንዲት ጎረቤቴ ባለፈው ወር በጓሮ በኩል ገብታ፣ "ባሌን የወሰደችብኝን ሴት ስም የእርሳስ ብረት ላይ ጭረሽ መቃብር ውስጥ ክተቺልኝ፣ ሄካቴ ምላሷን ታስርልኝ" አለችኝ። "እኔ የማውቀው ዳቦ መጋገር ነው እህቴ" ብላት፣ "ታዲያ ዳቦው ውስጥ ጨምሪበታ!" ብላ ተቆጣች። ምን ልበላት? እዚህ የሄካቴን ስም የሚጠሩት ሰው ሊጎዱ ሲፈልጉ ነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በሩ ላይ ባለሦስት ፊት የድንጋይ ምስሏን አቁመው በሌባ ዓይን እያዩዋት ያልፋሉ። እኛ ዘንድ እንዲህ አልነበረችም። እናቴ የመቅደሷ ግቢ ጠራጊ ነበረች፣ እየጠረገች ታዋራት ነበር፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ውሾችሽ ዛሬም እዚህ አርክሰውብኛል፣ እንደው አንድ ቀን አይተሽ ዝም ባትይ ምን አለበት?" እያለች። የሙታንን በር ቁልፍ የያዘችውን አምላክ እንደ ሰነፍ ጎረቤት ትቆጣታለች፣ እኔ በሳቅ እፈነዳለሁ፣ እናቴ ደግሞ መጥረጊያዋን ታወናጭፍብኛለች፣ መጥረጊያው የተምር ዝንጣፊ ነው፣ አያምም።

ቅድም ገና ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ስሚክሮስ መጣ። ይህ ሽማግሌ በየወሩ የሄካቴን እራት የሚበላ ሰው ነው፣ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም እንዳላወቀ ይሆናል። ከደጃፉ ሆኖ አንገቱን አስግጎ፣ "አንቺ የካሪያ ልጅ፣ የዛሬው ዓሣ አለበት?" አለኝ።

"ለአምላኳ ነው እንጂ ለእርስዎ መች ሆነ፣ አባባ ስሚክሮስ።"

"እርሷ እኮ ዓሣ አትወድም። ዐሥር ዓመት አብሬያት በላሁ፣ አንድ ቀን እጇን ሳህኑ ውስጥ አላየሁም።"

"ትቅሰፍዎት!"

"ከቀሰፈችኝማ ሳህኑን ማን ያጸዳላታል?" ብሎ ድድ ብቻ በቀረው አፉ ሳቀ። ከዚያ አየት አደረገኝና "ምነው ዓይንሽ ቀላ?" አለ።

"ጭሱ ነው።"

"ምድጃሽ ጠፍቷል እኮ ልጄ" አለ፣ ሌላም ሳይጨምር ዱላውን እየጎተተ ሄደ። ውሸት እንዲህ ነው አፌ ላይ የሚመጣው፣ ሳልጠራው፣ እንደ ምራቅ።

ሌሎች ሰዎች ከአገራቸው የሚወጡት በመርከብ ቀን ነው፣ እኔ የወጣሁት በሄካቴ ቀን ነው፣ ያውም መርጬ። እኛ ዘንድ እራቱን ተሸክማ ሦስት መንገዱ ድረስ የምትሄደው የቤቱ ልጃገረድ ናት። አኑራው ስትመለስ አትዞርም፣ አትናገርም። ከኋላዋም ማንም አይጠራትም፣ ምክንያቱም እዚያ ቦታ ላይ የተጠራ ስም መሬት ሥር ይሰማል፤ ሦስቴ መጥራት ደግሞ በሰው አገር የሞተን ሰው ነፍስ ወደ ቤቷ የሚመልሱበት ጥሪ ነው፣ ለሕያው አይሆንም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው። ኒካንድሮስ ከአቴና መጥቶ የመቅደሱን ድንጋይ የሚጠርብ ሰው ነበር፣ እጁ ላይ የነጭ ድንጋይ ዱቄት፣ ሳቁ ሰፊ፤ አብሬው ልጠፋ ስንማከር "እናትሽ ብትከተለንስ?" ሲለኝ "ዝም ብለህ በሽቅብ መንገዱ ላይ በቅሎህን ይዘህ ቁም፣ በዚያ ቀን ማንም አይከተልም፣ ማንም አይጠራም" ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያልኩት። ልብሴን ከዳቦው ሥር፣ ከሳህኑ በታች ጠቅልዬ ያዝኩ፣ እናቴ በሩ ላይ ሆና "ጧፎቹን ነፋስ እንዳያጠፋቸው" አለችኝ፣ "እሺ እማዬ" አልኳት፣ ሄድኩ። ነፋስ የተባለው እንግዲህ ከዚያ ነው የመጣው፣ ከእርሷው አፍ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ቅጠል አልተነቃነቀም።

እራቱን አስቀምጬ ወደ ቤት በሚወስደው ሳይሆን በሽቅቡ መንገድ እሄዳለሁ፣ ኒካንድሮስና በቅሎው ይታዩኛል፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል ቀርቶኛል፣ እና ከኋላዬ "አፊያ!" እናቴ ናት። የልብሴን ሣጥን ከፍታ አይታለች ማለት ነው። የመጀመሪያው ጥሪ፣ እራት ቀርቧል ነይ እንደምትለው ዓይነት ነበር፣ ትንሽ ቁጣ ያለበት። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። "አፊያ!" ሁለተኛው ላይ ፍርሃት አለ፣ እግሯ ሲሮጥም ይሰማኛል፣ ጠጠሩን፣ ከዚያ እግሯ ቆመ፣ ሦስት መንገዱ ጋ ደርሳ እራቱን አይታ ቆማለች፣ ከዚያ አታልፍም፣ እርሷ ሕግ ታውቃለች። ሦስተኛውን ልናገረው አልችልም። ሙሾ ነው፣ ሰው በሕይወት እያለ የራሱን ሙሾ ከሰማ እኔ ነኝ። አንገቴ ሊዞር ፈለገ፣ ፈልጎ ነበር፣ ያኔ የነጠላዬን ጫፍ በጥርሴ ነክሼ ወደፊት ጎተትኩት፣ በቅሎ እንደሚጎተት፣ ራሴን በራሴ። ኒካንድሮስ "ትጠራሻለች" አለኝ። "አትዙሪ ነው ሕጉ" አልኩት። ሕግ! አሳዳጊ የበደለው አፍ! እናቴን ለመክዳት ሕጓን ተደገፍኩ፣ ያውም እርሷ ያስተማረችኝን።

እርሷን ግን ሕጉ አልማራትም። ይህን የሰማሁት በሁለተኛው ዓመት ነው፣ አንድ ነጋዴ ነገረኝ፣ ለወሬ ያህል። ካህኑ የሕያው ሰው ስም በሄካቴ እራት ላይ ሦስቴ ጠራሽ ብሎ መጥረጊያውን ወሰደባት። ሴቶቹም ለዓመት ያህል ቤታቸው አላስገቧትም፣ ልጇን ለታች ዓለም የጠራች ናት፣ የእኛንም ስም ትጠራብናለች ብለው ፈሩ። እናቴ በሩቁ ቆማ ግቢውን ታያለች አሉኝ፣ ውሾቹ ያረከሱትን እያየች። ያኔ ነው መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ በዚያው ነጋዴ አፍ፣ ሰምተሽኛል ወይ ብላ። እኔ ያን ሁሉ ሰምቼ ምን ልበል፣ ሰምቼሻለሁ፣ መጥረጊያሽን ያሳጣሽን ጥሪ ሰምቼ ነው የሄድኩት ልበላት? ነፋስ ነበር አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ያው ጥያቄ ይመጣል፣ ያው ነፋስ ይሄዳል።

ለምን አልተመለስሽም የሚለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፣ የሚጠይቀኝ የለም እንጂ። ኒካንድሮስ በሰባተኛው ዓመት በትኩሳት ሞተ። የሟች ወንድሞች መጥተው ቤቱን ልቀቂ አሉኝ፤ ሚስቱ ነኝ ብዬ መዝገብ ቤት ሄድኩ፣ ጸሐፊው ቀና ሳይል፣ "ኒካንድሮስ ሚስት የለውም" አለኝ። "ሰባት ዓመት አብሬው ኖሬ?" ስለው "መዝገቡ አብሮት አልኖረም፣ ባዕድ ሴት ለዜጋ ሚስት አትባልም። ዋስሽ ማን ነው?" አለኝ። ዋስ የሚሉት የአገሩ ተወላጅ ሆኖ ባዕዱን ወክሎ የሚናገርለት ነው፣ እርሱ ከሌለ አፍ የለህም፣ ብትደበደብም ብትሰደብም አቤት የሚልልህ እርሱ ነው። አውቲዲኮስ የሚባሉ ዱቄት ሻጭ ዋስ ሆኑኝ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ዳቦሽን እንጂ ታሪክሽን አታብዢብኝ" ይሉኛል። እናም ታሪኬን አላበዛሁም። ቤቴን ያጣሁ ቀን ወደ ወደቡ ወርጄ የካሪያ መርከብ ፊት ቆሜ ነበር፣ ቦታ አለ ወይ ልል፣ ግን ስደርስ ሰምተሽኛል ወይ ትለኛለች፣ ፊቷን እያየሁ፣ ከመርከብና ከማዕበል ይልቅ እርሷን ፈራሁ፣ ተመልሼ ሊጥ አቦካሁ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሊጥ አቦካለሁ። አሁን ዓይኗ አያይም አሉኝ፣ እና ምን እንዳሰብኩ ልናገር፣ መጀመሪያ ያሰብኩት እንግዲህ ፊቴን አታየውም ነው። እናቴ ታውራ እኔ ተገላገልኩ አልኩ። ለአንዲት ቅጽበት ብቻ ነው፣ ግን ብያለሁ።

ጥላው በሩን አለፈ። ሰው ሁሉ ከእንቅልፉ ተነስቶ የጓሮ በር ያንኳኳል፣ የመጨረሻዎቹን ዳቦዎች ሸጥኩ፣ ለራሴ አንዱን አስቀረሁ፣ እንቁላሉን፣ ዓሣውን፣ እሺ፣ ዓሣም አለበት አባባ ስሚክሮስ፣ ሁሉን በሳህን አድርጌ ወጣሁ። ጀምበሯ የመርከቦቹ ምሰሶ ላይ ደርሳለች። ሳህኑን ሦስት መንገዱ ላይ አኖርኩ፣ ጧፎቹን ለኮስኩ፣ ጸሎት አልመጣልኝም፣ "አንቺ ሴትዮ" ብቻ አልኩ፣ ቀና ብዬ ሄድኩ። ሌዎን ከማዶ የጥጉ ግድግዳ ጋ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፣ ያገሬ ልጅ ነውና በፊት ለፊት ነው የጠበቀኝ፣ አጠገቡ እስክደርስም አልጠራኝም።

"እህስ?" አለ።

"ልጠይቅህ መጀመሪያ። በሕይወት ሳለች ትደርስባታለህ?"

"ነፋሱ ከረዳን በዐሥር ቀን። ስመጣ ሾርባ ትጠጣ ነበር፣ የአክስትሽ ልጅ ታስታምማታለች። ከዚያ ወዲያ የአማልክት ነው።"

"እንዲህ በላት" አልኩት፣ አፌ ደረቀ። "እማዬ፣ ሰምቼሻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ። ጉሮሮሽ አልከዳሽም፣ የከዳሁሽ እኔ ነኝ።"

ሌዎን ጢሙን ያዘ፣ መሬት መሬት አየ። "አፊያ፣ ሴትየዋ ልትሞት ነው። በዚህ ሰዓት ይህን ልጨምርባት? ነፋስ ነበር ብላት ማን ይጎዳል? የለመደችው ነው።"

"እርሷ ትጎዳለች። አንተው አይደለህ እንዴ ጉሮሮዋን ትይዛለች ያልከኝ? ጉሮሮዋን እየያዘች እንድትሞት ነው የምትፈልገው?"

"ስትረግምሽስ?"

"ትርገመኝ። እኔን ትርገም እንጂ ራሷን አትርገም።"

ጢሙን ለቀቀ። "ይሁን። ለምን አልዞረችም ብትለኝስ?"

ይህን ሦስት ቀን ሙሉ አላሰብኩበትም፣ ወይም ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አስቤበታለሁ፣ አላውቅም። "ብዞር እቀር ነበር" አልኩት። "እንዲሁ በላት። ፊቷን ካየሁ እንደምቀር አውቅ ነበር።"

"ታዲያ አሁን ለምን ራስሽ አትነግሪያትም? ገመድ መጠቅለያው ጋ ቦታ አለ፣ ነገ ነይና ተሳፈሪ። አውቲዲኮስም አይከለክሉሽም።"

"አፌን አላምነውም ሌዎን። ፊቷ ስቆም ነፋስ ነበር ይላታል። ቃሉ ይቅደመኝ፤ ከሰማች በኋላ ትምጣ ካለች በሚቀጥለው መርከብ እመጣለሁ፣ አትምጣ ካለችም እዚሁ ነኝ።"

"በሚቀጥለው መርከብ ትኖራለች ወይ?" አለኝ። የሚያውቀውን ነው የጠየቀኝ። እርሱም አላስጨነቀኝም፣ መርከበኞች መልእክት ሲቀበሉ እንደሚያደርጉት ዓይኑን ጨፍኖ ሊደግመው ጀመረ፣ "ሰምቼሻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ። ጉሮሮሽ አልከዳሽም—"

"'እማዬ'ን የት ጣልካት?"

"እንዴ! እኔ ይህን ሁሉ ጢም ይዤ ያንቺን እናት እማዬ ልበላት?"

"በላት።"

ሌዎን ግራ ቀኙን አየ፣ የወደቡ ተሸካሚዎች ቢሰሙት ዓመት ሙሉ ይስቁበታል። "እማዬ" አለ፣ ድምፁ ሻከረበት፣ ጉሮሮውን ጠርጎ እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል ሳይስት ተናገረው፣ ብዞር እቀር ነበር የሚለውንም ጭምር። ከወንድ አፍ፣ በሻካራ ድምፅ፣ ጎዳና ላይ ሲባል ሰማሁት። ልክ ነው አልኩት። እርሱ ግን አልሄደም።

"አንቺ ራስሽ አንድ ጊዜ በይው" አለኝ። "እናትሽ አታይም፣ ድምፅሽ እንዴት ነበር ብላ መጠየቋ አይቀርም። እንዴት አድርገሽ እንዳልሽው ልንገራት።"

እውነቱን ነው። ትጠይቀዋለች። ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ እጄን ነጠላዬ ላይ ጠረግኩ፣ አፌን ከፈትኩ፣ "እማዬ" አልኩ፣ ከዚያ በላይ አልሄደልኝም፣ ደግሜ ሞከርኩ፣ አሁንም እዚያው ቀረ። ሌዎን እስክጨርስ ጠበቀኝ፣ ከዚያ እንደማልጨርስ ገባው፣ ትከሻዬን ያዝ አደረገና "ይህንኑ እነግራታለሁ" ብሎ ወደ መርከቡ ወረደ።